290 ሺ የሄደች ኮሮላ፦ ሾክ ብቻ ልቀይር ወይስ እግሯን በሙሉ ላሠራ?

ኮሮላ_ሰሚት፦

ሰላም ጓዶች። 2004 ኮሮላ አለችኝ፣ 1.3 ማንዋል፣ ኪሎሜትሯ 290 ሺ አልፏል፣ ያውም ዱባይ እያለች ወደ ኋላ ካልተመለሰ ነው ሃሃ። በየቀኑ ከሰሚት ሜክሲኮ እመላለስባታለሁ፣ አንዳንዴ ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኜ አዳማ እወርዳለሁ። ሞተሯ ዘይት አይበላም፣ ካምቢዮዋም አሪፍ ነው፣ እግሯ ግን አለቀላት። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ከፊት በግራ በኩል ገጭ ገጭ ትላለች፣ ስፒድ ብሬከር ሳልፍ ኋላዋ አንዴ ዘሎ አያቆምም፣ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ደግሞ 100 አካባቢ ስደርስ መሪው ይንሳፈፍብኛል፣ ከባድ መኪና በጎን ካለፈኝማ በሁለት እጄ ጨምድጄ ነው የምይዘው።

ሁለት ጋራዥ አሳየኋት። አንዱ ከስር እንኳን ሳያያት "4ቱንም ሾክ ቀይር፣ እግረ መንገድህን ስፔሰር (ሞላው ጋ የሚገባ ማስረዘሚያ) አስገባና ከፍ ትበልልህ" አለኝ። ሌላኛው ሾኩን፣ ሞላውን፣ ሎወር አርሙን (ጎማውን ከስር የሚይዘውን ክንድ)፣ ቦል ጆይንቱን (የክንዱን መጋጠሚያ)፣ ታይ ሮዱን (ጎማውን ከመሪው የሚያገናኘውን ዘንግ)፣ የኋላውን ቡሽ (የጎማ ትራሱን) ሁሉንም ዘርዝሮ ጻፈና ድምሩን ሳየው ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ልሽጣት እንዳልል ሸጬ ምን ልገዛ፣ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ያገለገለውም አይቀመስም፣ ኤሌክትሪክ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ ገና ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ከምን ልጀምር? ከነበረችበትም ትንሽ የተሻለች ባደርጋት ደስ ይለኛል፣ ጠንከር ያለ ሾክ ምናምን። ወንድሜ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ይመጣል፣ እሱ ቢያመጣልኝስ ይሻላል ወይስ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ቤቶች? በናታችሁ ያሠራችሁ ሰዎች ንገሩኝ።

የጋራዥ_ልጅ፦

ወንድሜ በመጀመሪያ ገጭ ገጩን ከሾክ ለየው። ሰው ሁሉ ድምፅ ሲሰማ ሾክ ነው ይላል፣ ሾክ ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ አይደለም የሚያሰማህ መኪናዋ ትዘልብሃለች እንጂ። በዝግታ ኮብልስቶን ላይ የሚሰማ ጥቃቅን ገጭታ አብዛኛውን ጊዜ ስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ እንዳታጋድል የሚይዘው ብረት ማያያዣ) ነው፣ ከሱ ቀጥሎ የሎወር አርም ቡሽ ወይ ቦል ጆይንት። ቆመህ መሪ ስታዞር ሞላው ጓ ብሎ ከተፈናጠረ ደግሞ የሾኩ ማውንቲንግ (ከላይ ሾኩ የሚታሰርበት) ላይ ያለችው ኩሽኔታ ናት።

ጋራዥ ስትሄድ አጠገቡ ቁም። የፊቱን በክሪክ ያንሳና ጎማውን ላይና ታች ይዞ ይነቅንቀው፣ ጨዋታ ካለው፣ ማለትም ላልቶ ከተወዛወዘ፣ ቦል ጆይንት ወይ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ከሆነ ታይ ሮድ ነው። ከዛ ረጅም ብረት ሎወር አርሙና ሻንሲው መሀል ያስገባና ይገፍትረው፣ የኋለኛዋን ትልቋን ቡሽ አይን። ኮሮላ ላይ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት፣ የቡሹ ጎማ ከመሀል ብረቱ ተላቆ ጨረቃ የሚመስል ክፍተት ታያለህ። ያ ካለ ፍሬን ስትይዝ አርሙ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጎማው አቅጣጫውን ይስታል፣ መሪው ይንሳፈፋል። መቶ ላይ የሚዋኝብህ በዚህ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ሾክ ብትገጥምበት ለውጥ የለውም።

ሾኩንም ከስር ሆነህ እየው። አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ብቻ ከሆነ ገና ነው፣ ዘይት ወርዶ ታች ድረስ አርሶት ከሆነ አልቋል። የጎማህን ፊት ደግሞ በመዳፍህ ዳብሰው፣ አንድ ቦታ ጎድጎድ አንድ ቦታ ጎበጥ እያለ ከሄደ ሾኩ ጎማውን መሬት ላይ ይዞ ማቆየት አቅቶታል ማለት ነው። አንተ የነገርከን የኋላው ዝላይና አፍንጫ መድፋቱ ሾክም እንዳለበት ይናገራል፣ ግን ሾክ ብቻ አይደለም።

ስፔሰሩን እርሳው።

አለምገናው፦

ኧረ ስፔሰር እርሳው አትበለው እንጂ። እኔ በምገባበት መንገድ ያለ ስፔሰር ኮሮላ ይዘህ ግባ እስቲ፣ ክረምት ላይ ኮፓህ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ድንጋይ ሲልስ ታየዋለህ። እኔ ከፊትም ከኋላም አስገብቼ ነው የምነዳው፣ ስፒድ ብሬከር ላይ አግድም መሄድ ቀረ፣ ማርሚታውም መጋጨት ተወ። ምቾት ትንሽ ቀንሷል አልዋሽም ግን አገራችን ላይ ምቾት ፈልጎ ኮሮላ የሚነዳ ማነው። ጋራዦች ስፔሰር የሚጠሉት ርካሽ ስለሆነ ነው ሃሃሃ

የጋራዥ_ልጅ፦

@አለምገናው ያንተ መንገድ ሌላ ነው፣ አልፈርድብህም። እሱ ግን ሰሚት ሜክሲኮ ነው የሚመላለሰው፣ በኮሪደር ልማት የተሠራው አስፋልት ላይ ምን ሊያደርግለት ነው። ስፔሰር ሲገባ መኪናዋ ከፍ ትላለች እንጂ ሾኩ አይረዝምም፣ ቆማ ራሱ ሾኩ ከወትሮው ተዘርግቶ ነው የሚውለው፣ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲወርድ ዘንጉ ቶሎ መጨረሻው ላይ ይደርስና ጧ ይላል። ሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) በማዕዘን ይሠራል፣ ኩፊያው (የዘንጉ የጎማ ሽፋን) ቶሎ ይቀደዳል፣ አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) ይበላሻል። ሞላው መሀል የሚሰነቀረው የጎማ ቀለበት ደግሞ የባሰ ነው፣ ያችን ክብ እንዳትሠራ ስለሚያግዳት ጭነቱ ሌላው ክብ ላይ ይወድቃል፣ እዛው ጋ ተሰብሮ የመጣ ሞላ አይቻለሁ። ኋላዋ ተኝታ ከሆነ ለሷ የተሠራ አዲስ ሞላ መግጠም ነው እንጂ።

ቪትዟ_እህታችሁ፦

ማንም ስለ ጎማ አለማንሳቱ ገረመኝ። @ኮሮላ_ሰሚት ጎማህ ስንት ዓመቱ ነው? ጎኑ ላይ ዶት የሚል ጽሑፍ መጨረሻ 4 ቁጥር አለ፣ 2318 ካለ በፈረንጅ 2018 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ስላለ ብቻ ሰው አዲስ ይመስለዋል፣ ደርቆ ግን እንደ ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ነፋሱስ? ጎሚስታዎቹ ሳትነግራቸው 40 ነው የሚሞሉት፣ የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚልህ ደግሞ 30 ምናምን ነው። በ40 ኮብልስቶን ላይ አዲስ መኪናም ይንቀጠቀጣል። የእኔ ቪትዝ ላይ 3 ሰው ሾክ ቀይሪ ብሎኝ ነበር፣ ነፋሱን በልኩ አስተካክዬ አላይመንትና ባላንስ አሠርቼ ግማሹ ነገር ጠፋ። ነፋስ ማስተካከል በነፃ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ሞክር።

ሀበሻ_ከቨርጂኒያ፦

እዚህ ያንተው ዓይነት ኮሮላ ሞልቷል፣ እኔም እስካለፈው ክረምት ነበረችኝ። ግን ተጠንቀቅ፣ የአሜሪካዋና የገልፏ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሞተሩም ይለያያል ሞላውም ይለያያል፣ "2004 ኮሮላ" ብሎ ብቻ ገዝቶ ቢመጣ ላይገጥም ይችላል። ሊብሬህ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ላክለትና በዛ የወጣ የዕቃ ቁጥር ይዞ ይግዛ።

ሾክ በሻንጣ ማምጣት ደግሞ ኪሎ ይበላል፣ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፣ 4 ሾክና ማውንቲንግ ከገባበት ለሌላ ዕቃ ቦታ የለም፣ እናትህ ያዘዘችውን ዕቃ አውጥቶ ሾክ ቢያስገባ ጉድህ ነው። ቀላል ቀላሉን ያምጣልህ፣ ሊንክ፣ ቡሽ፣ ቦል ጆይንት፣ የሾክ ማውንቲንግ፣ አቧራ መከላከያው ጎማና ስቶፐሩ (ሾኩ መጨረሻው ሲደርስ ምቱን የምትቀበለው)። ስቶፐሯን ሁሉም ይረሷታል፣ አሮጌ መኪና ላይ ተሰባብራ ዱቄት ሆና ነው የምትገኘው፣ እሷ ከሌለች ጉድጓድ ላይ ብረት ለብረት ይመታል፣ አዲሱም ሾክ አይበረክትም።

ጠንካራ ሾክ ያልከውን ነገር ተወው። የስፖርት ሾክ ለኮብልስቶን አይሆንም፣ ፖሊዩረቴን (ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል) ቡሽም እንደዛው፣ እዚህ ለውድድር የሚነዱ ልጆች ይወዱታል ግን ንዝረቱን ሁሉ ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል፣ ቅባት ከደረቀበት ደግሞ ሲጢጥ ይላል። ለየቀን መኪና ከፋብሪካው ጋር የሚመጣጠን ጥሩ የጎማ ቡሽና ጥሩ ሾክ በቂ ነው። 290 ሺ የሄደች መኪና ወደ ነበረችበት ስትመለስ አፕግሬድ ሆናለች፣ አንተ ስትገዛት ራሱ ግማሽ አልቃ ስለነበር አዲሷን ኮሮላ ነድተሃት አታውቅም።

መርካቶ_ነኝ፦

ስለ ዕቃው ልንገርህ፣ ዋጋ አልጽፍም ምክንያቱም ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ጠዋት የነገሩህ ከሰዓት ይለወጣል። ካያባ (የጃፓኑ የሾክ ብራንድ) የሚል ካርቶን ሁሉ ካያባ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ሾኩ አካል ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆኑን እይ፣ ቁጥሩ በስቲከር ብቻ ከሆነ ተጠራጠር፣ ብየዳው ሻካራ ከሆነ ተወው። ከዛ ሾኩን አቁመህ ዘንጉን እስከ ታች ገፍተህ ስበው፣ ሄድ መለስ እያደረግክ ጥቂት ጊዜ ደጋግመው፣ መሀል ላይ ባዶ ቦታ እንዳለ ነገር ሸተት የሚል ከሆነ አትውሰድ። የመጀመሪያው አንድ ሁለቱ ላይ ሸተት ቢል አትደንግጥ፣ ተኝቶ ስለከረመ ውስጡ አየር ገብቶ ነው፣ ከመገጠሙ በፊትም እንደዚህ ቆሞ መታሸት አለበት።

ያገለገለ የጃፓን የሚሉህን ሎወር አርም እወስዳለሁ ካልክ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ጎማው ግን ያው አሮጌ ነው፣ ቡሹን አስጨምቀህ በአዲስ ቀይር። ያገለገለ ሾክ ግን በፍጹም፣ እሱ ሎተሪ ነው። ደረሰኝ ተቀበል፣ ካልገጠመ እመልሳለሁ ብለህ ቀድመህ ተስማማ።

ኮሮላ_ሰሚት፦

ጓዶች እግዜር ይስጥልኝ፣ ትላንት ጋራዥ ወስጄ በክሪክ አስነሳኋት። @ቪትዟ_እህታችሁ ነፋሱ 42 ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? ዝቅ አድርጌው ኮብልስቶኑ ላይ በጣም ቀለል አለ። @የጋራዥ_ልጅ እንዳልከው የግራው ሊንክ ጨርሶ ለቋል በጣት ይወዛወዛል፣ የሎወር አርሙ የኋላ ቡሽ በሁለቱም በኩል ተቀዷል፣ ቦል ጆይንትና ታይ ሮድ ደህና ናቸው። ሾክ ከፊት የግራው አፍስሷል የቀኙ ደረቅ ነው፣ ከኋላ ሁለቱም ዘይት ነው። የኋላ አክሱ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት) ቡሽ ትንሽ ስንጥቅ አለው ግን ይቆያል ተባልኩ። አሁን መካኒኩ የፊቱን የግራውን ሾክ ብቻ እንቀይር ይላል፣ ገንዘብ ለመቆጠብ። ልስማማ?

የጋራዥ_ልጅ፦

አትስማማ። ሾክ በጥንድ ነው፣ የግራው አዲስ የቀኙ 290 ሺ የሄደ ከሆነ ፍሬን ስትይዝም ጉድጓድ ስትገባም ሁለቱ ጎን እኩል አይሠራም። ገንዘብ ካጠረህ የፊቱን ጥንድ አሁን፣ የኋላውን በሚቀጥለው ወር። የፊቱን ግን ከቡሹና ከሊንኩ ጋር አንድ ቀን አሠራው፣ ያው ስለሚፈታ ሁለቴ የእጅ ዋጋ አትከፍልም፣ አላይመንትም አንዴ ብቻ። የአክሱን ቡሽ ተወው ገና ነው።

ሲገጥም ግን ሶስት ነገር ላይ ቆመህ ጠብቀው። የፊቱን ሞላ በደንበኛ መጭመቂያ ይጭመቀው፣ በሽቦ አስሮ የሚፈታ አለ፣ ሞላው ካመለጠ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ የሾኩን ዳዶ ሲያጠብቅ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ እንዳይዘው፣ አንድ ጭረት ካረፈበት ሲሉን (ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ) እየቆረጠ ዘይቱን ያወጣዋል፣ አዲሱ ሾክ በሁለት ወር "ፎርጅድ ነው" ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ሶስተኛውን ብዙ መካኒክ አያደርገውም፣ የሎወር አርሙን ብሎኖች መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ እያለች ጨርሶ እንዳያጠብቃቸው፣ በእጅ ይያዛቸውና ጎማዋ መሬት ነክቶ ክብደቷ ሲያርፍባት ነው የመጨረሻው ማጥበቂያ። ተንጠልጥላ ከጠበቀች ስትወርድ ቡሹ ተጠምዝዞ ነው የሚቀረው፣ ሁሌ እንደተወጠረ ስለሚኖር አዲሱም ዓመት ሳይሞላው ይቀደዳል። አይሆንም ካለህ ጎማው ስር ጣውላ ደራርቦ ያውርዳትና ከስር ይግባ፣ ቦታ አለው።

አላይመንቱን ሳትቆይ አሠራ። እስከዛ ፈጣን መንገድ አትግባ።

አለምገናው፦

እና ኮፓው?

የጋራዥ_ልጅ፦

ለኮፓው ከስር የብረት መከላከያ ሳህን አሠራለትና ተገላገል፣ ብረት ሠሪ ጋ በአንድ ቀን ያልቃል፣ የዘይት መፍቻውን ቀዳዳ ግን እንዳይረሳ ንገረው።