የአንጎል ስቴንት ጥናት፦ የ12ኛውን ወር ምርመራ እንዴት እናድርገው?

ከ70 እስከ 99 በመቶ ለጠበቡ የአንጎል ደም ስሮች መድኃኒት የተቀባ ስቴንትን (የጠበበን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ የብረት ቱቦ) ከተራው ጋር የሚያነጻጽር ፕሮቶኮል እያዘጋጀን ነው። የተያዝነው ክትትሉ ላይ ነው።

መነሻችን በ2022 የወጣው የቻይናው ኖቫ ጥናት ነው። 263 ታካሚዎች ነበሩበት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ስቴንታቸው ዳግም የጠበበባቸው በተራው 30.2፣ በመድኃኒቱ 9.5 በመቶ ሆኑ። የእኛም ዋና መለኪያ ይኸው የዳግም ጥበት ነው።

ግን በምን እንለካው? በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ስሮች የኤክስሬይ ምስል) የስቴንቱ ብረት ጥላ ቀዳዳውን ስለሚውጠው፣ 2.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ስቴንት ውስጥ ክፍቱን ከጠባቡ መለየት ያስቸግራል። ኤምአርኤ (በማግኔት የሚነሣ የደም ስር ምስል) ላይማ ስቴንቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ደም የማያልፍበት መስሎ ይታያል። የሚታመነው ዲኤስኤ ነው፤ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) በደም ስር አስገብቶ የሚነሣ ምስል ነው። እሱ ደግሞ ራሱ ትንሽም ቢሆን የስትሮክ አደጋ ስላለው፣ ምንም ያላመመው ሰው "ደህና ነኝ" ብሎ ይቀራል። የሚመጣው ምልክት ያለበት ከሆነ የዳግም ጥበቱ ቁጥር ከእውነቱ በላይ ያብጣል።

መለኪያውን ወደ ስትሮክ ብንቀይረው ይህ ችግር ይወገዳል፤ የሚያስፈልገው ታካሚ ብዛት ግን ከአቅማችን በላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የደም መርጋትን የሚከላከለው ክሎፒዶግሬል ለስንት ጊዜ ይሰጥ የሚለው ነው። ሳምፕሪስ የተባለው የአንጎል ስቴንት ጥናት 75 ሚሊግራም ለ90 ቀን ከአስፕሪን ጋር ሰጥቷል። ስቴንቱ ላይ የተቀባው መድኃኒት የደም ስሩን ሽፋን ፈውስ ስለሚያዘገይ 90 ቀን ያጥርብኛል፤ ሲረዝም ደግሞ መድማቱ አለ። ለሁለቱም ቡድን እኩል 6 ወር ብናደርገው የሚቃወም አለ? ያልመጡትንስ በስታቲስቲክስ እንዴት ትይዟቸዋላችሁ?