ኮንዶም ተጠቅሜ ደም ነካኝ፣ ኤችአይቪ ያሰጋኛል?

ጭንቀታም: ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከጓደኛዬ ጋር ነበርን። ከተዋወቅን ሦስት ወራችን ነው፣ ሁለታችንም ተመርምረን አናውቅም። ኮንዶም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበር። መብራት ሳበራ ግን ኮንዶሙ በውጭ በኩል ደም በደም ሆኗል፣ ጭኔና እንብርቴ ሥርም ነክቶኛል። ለካ የወር አበባዋ ቀድሞ መጥቶባት ነው፤ እሷም በጣም አፈረች። እኔን ያስጨነቀኝ የዚያን ቀን ጠዋት ስላጭ ከብልቴ በላይ ምላጭ ቆርጦኝ ነበር። ይኸው ሰኞ ጠዋት ነው፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

የሰፈሩ ልጅ: በረኪና በውኃ በጥብጠህ ታጠብበት። አሞክሳሲሊንም ጀምር፣ ይገድለዋል።

ነርሷ: እባክህ የሰፈሩ ልጅ፣ እንዲህ አይባልም! አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይነካም። በረኪና ደግሞ ቆዳውን አቃጥሎ ያልነበረ ቁስል ይፈጥርለታል። ደም ሲነካ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ንገረኝ። ማታ ቁስሉ ይደማ ነበር ወይስ ደርቋል? ኮንዶሙስ አልተቀደደም? ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ተጠቅማችሁ ከሆነም ንገረኝ፤ ቅባት ላስቲኩን ያሳሳዋል።

ጭንቀታም: ቅባት የለም። ኮንዶሙን ውኃ ሞልቼ አየሁት፣ ጠብ አላለም። ቁስሏ ጠዋት ነጥብ ታህል ደምታ ሶፍት ስለጥፍባት ቆመች፤ ማታ ቅርፊት ይዛ ነበር።

ነርሷ: እንግዲያው ልብህን አሳርፍ። ቫይረሱ በደህና ቆዳ አያልፍም፤ ጭንና ሆድ ላይ የፈሰሰ ደም መግቢያ የለውም። መግቢያው እንደ ብልት ያለ ስስ ሽፋን፣ የሚደማ ቁስል ወይም መርፌ ነው። ብልትህን ኮንዶሙ ሸፍኖታል። ለማነጻጸር ያህል፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም ጋር የተነካካ መርፌ የጤና ባለሙያን ቢወጋ እንኳ የሚያዘው ከ1000 ውስጥ 3 ያህሉ ነው። ቅርፊት የያዘች የምላጭ ጭረት ከዚያ በጣም ታንሳለች። ደግሞስ እሷ ቫይረሱ እንዳለባት ማን ነገረህ?

ያም ሆኖ ዛሬውኑ የኤችአይቪ ሕክምና ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ከቻልክ አብራችሁ ሂዱ። መከላከያው መድኃኒት፣ ፔፕ የምንለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፤ ያንተ ነገ ማታ 4 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሲጀመር 28 ቀን ሳያቋርጡ ይዋጣል። ላንተ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም፣ ግን አይቶ የሚወስነው እዚያ ያለው ባለሙያ ነው። ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢም ጠይቅ፤ እሱ በደም ከኤችአይቪ ይልቅ ቶሎ ይተላለፋል፣ ክትባት ግን አለው።

አባ ወራው: የባለቤቴ ደም ውስጥ ቫይረሱ አለ፣ እኔ ነፃ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ እነሱም ነፃ ናቸው። መድኃኒቷን በየማታው እራት ላይ ትውጣለች፣ በምርመራ ቫይረሱ አይታይም። እንደዚያ ከሆነ በግብረ ሥጋ አይተላለፍም፤ ይህን ከሐኪሟ ነው የሰማሁት። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆርጣ እኔ ነኝ ያሰርኩላት። ወንድሜ፣ ልጅቷን እንደ ወንጀለኛ እንዳታያት። የወር አበባ ነው የመጣባት።

ጭንቀታም: ሄደን ተመለስን። ከጣታችን ደም ወስደው እዚያው ነገሩን፣ ሁለታችንም ነፃ ነን። ፔፕ አያስፈልግህም ተባልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙ አሉን። ነፃ ከሆንን ለምን እንደግማለን?

ነርሷ: የጣት ምርመራው የሚያየው ሰውነት ለቫይረሱ የሚሰጠውን ምላሽ ስለሆነ አዲስ የተያዘን ሰው ለሳምንታት ሊያመልጠው ይችላል። የዛሬው ውጤት ስለ ቅዳሜ ማታ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ስለነበረው ነው የሚነግርህ። እስከዚያ ኮንዶሙን አትተዉ።

ጭንቀታም: እሺ እህቴ። እሷ ደግሞ ምላጩን ጣልልኝ እያለች ነው።