«የክርስቶስ ምሳሌ» ስንል ምን ዓይነት ምሳሌ ነው?

ፊደልተኛዋ፦
አንድ ቃል አስቸገረኝ። «ይስሐቅ የክርስቶስ ምሳሌ ነው» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ጠይቄ ግን አላውቅም። ትናንት ታናሽ እህቴ ዘፍጥረት 22ን እያነበበች «ምሳሌ ከሆነማ ተረት ነዋ፣ ተረትና ምሳሌ አይደል የሚባለው?» አለችኝ። ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ለምሳሌ፣ ተረትና ምሳሌ፣ መጽሐፈ ምሳሌ፣ የጌታ ምሳሌዎች፣ የክርስቶስ ምሳሌ... አንድ ቃል ነው ወይስ አምስት?

ሥርወ ቃል፦
አንድ ቃል ነው፤ ሥራ በዛበት እንጂ። ሥሩ «መሰለ» ነው። ዕብራይስጡም እዚሁ ሰፈር ነው፤ «ማሻል» ይላል፣ መጽሐፈ ምሳሌን ደግሞ «ሚሽሌ»። የእነሱ ሽ እና የእኛ ሰ እዚህ ጋ ወንድማማች ናቸው። ስለዚህ ከዕብራይስጡ ጋር ጠብ የለንም። ጣጣው የመጣው ከግሪኩ ነው።

የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ብሉይን ሲያነቡ ቢያንስ ሦስት ቃል ነበራቸው። ጳውሎስ ገላትያ 4፥24 ላይ አጋርና ሣራ እንደ ሁለት ኪዳኖች ናቸው ሲል የተጠቀመው «አሌጎሪ» (አንዱን እየተናገሩ ሌላውን ማለት) የሚለው ቃል የወጣበትን ግስ ነው። ዕብራውያን 11፥19 ላይ አብርሃም ይስሐቅን ከሞት እንደተቀበለው ሲነገር ቃሉ «ፓራቦሌ» ነው፣ ጌታ ስለ ዘሪው የተናገረውም የሚጠራበት ማለት ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ደግሞ በምድረ በዳ ስለወደቁት ሰዎች ሲወራ «ቱፖስ» ይላል። አሁን የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ግለጪ። ሦስቱም ቦታ ምሳሌ! ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፣ ቋንቋው የሰጣቸው ይኼንን ነው፤ ግን ሦስት ዓይነት አነባበብ አንድ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ እኛ እጃችንን ሰደን ያገኘነውን እናወጣለን።

ለእህትሽ የሚጠቅማት ቱፖስ ነው። ቶማስ «የችንካሩን ምልክት ካላየሁ» ሲል ግሪኩ ላይ ያለው ይኸው ቃል ነው። ተመትቶ የቀረ አሻራ፣ ወይም አሻራውን የሚያወጣው ቅርጽ። በእጅ የሚዳሰስ ነገር። ደጉ ሳምራዊ ማን ይባል ነበር፣ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ታሪኩ የተነገረው ለትምህርቱ ነው። ይስሐቅን ምሳሌ ብለው ያነበቡት ክርስቲያኖች ግን መጀመሪያ ይስሐቅ ራሱ ነበረ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ተራራ ወጣ፣ አባቱም ቢላዋ አነሣ ብለው ነው የሚነሡት። እሱ ከሌለ የሚያሳየውም የለም። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ምሳሌና አማናዊ» ተብለው ጥንድ ሆነው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ምሳሌው ቀድሞ የመጣው፣ አማናዊው ደግሞ ያ ሲጠቁመው የነበረው።

ጥያቄ አለኝ፦
ታዲያ ለምን «አምሳል» ብለን አንገላገልም? ሮሜ 5፥14 አዳምን አምሳል ይለዋል፣ እዚያም ግሪኩ ቱፖስ ነው።

ሥርወ ቃል፦
እኔም ወደዚያ አዘንብዬ ነበር፣ ዕብራውያን 10፥1 አስቆመኝ። ሕጉ የሚመጣው በጎ ነገር ጥላ አለው እንጂ እውነተኛው አምሳል የለውም ይላል። ልብ በል፣ እዚህ አምሳል የቆመው ከጥላው ወገን ሳይሆን ከእውነቱ ወገን ነው፤ ግሪኩም «ኤይኮን» እንጂ ቱፖስ አይደለም። አንዱ ቃል ሮሜ ላይ ቀዳሚውን፣ ዕብራውያን ላይ ተከታዩን ያዘ። «ጥላ»ም ቢሆን በእኛ ጆሮ የሚናቅ ነገር አይደለም። መዝሙረኛው እንኳን በክንፎችህ ጥላ ሰውረኝ ይላል። እንግዲህ ሕጉ ጥላ ነው ሲባል ማቃለል ብቻ አድርጎ የሚሰማው ሰው ይኼንን ዘንግቶታል ባይ ነኝ።

ከቀኝ ወደ ግራ፦
የረሳችሁት ሰው አለ። አይሁዳዊው አንባቢ! እሱ ዘፍጥረት 22ን «ዐቄዳ» ይለዋል፣ ማሰር ማለት ነው፤ ቁጥር 9 ላይ «አሰረው» ከሚለው ግስ የወጣ። እኛ «መሥዋዕት» እያልን ዓይናችን ቢላዋው ላይ ነው፣ እሱ ገመዱ ላይ። ይስሐቅ አልታረደማ። የስሙ ምርጫ ብቻ ግማሹን ንባብ ይናገራል።

ሌላው ማቴዎስ የሚወደው «ይፈጸም ዘንድ» ነው። በአማርኛ ፈጸመ ስንል ጨረሰ ማለታችን ነው፣ ስለዚህ ትንቢት ሁሉ ቀኑ ደርሶ የተዘጋ ፋይል ይመስለናል። የግሪኩ ግስ ግን «ሞላ» ነው፣ ዕቃ እንደሚሞላው። ሆሴዕ 11፥1 «ልጄንም ከግብፅ ጠራሁት» ይላል። በሆሴዕ ልጁ እስራኤል ነው፣ ነገሩም ድሮ ያለፈ ነው፣ ወደፊት የሚሆን ነገር አልተነገረም። ማቴዎስ 2፥15 ያንኑ ቃል ለሕፃኑ ኢየሱስ ያመጣዋል። «አለቀ» ብለን ካነበብን ማቴዎስ ጥቅሱን ካለቦታው የጎተተ ይመስላል። «ሞላ» ብለን ካነበብን ግን እስራኤል የሄደበት መንገድ በአንድ ልጅ ሕይወት ውስጥ እንደገና ተሄደ፣ ያኔ የጎደለውም ሞላ ማለቱ ይሆናል። አይሁዳዊው በዚህ አይስማማም፣ መብቱ ነው፤ የምንለያይበት ቦታ ግን ቢያንስ በትክክል ይታወቃል።

ጥያቄ አለኝ፦
የኢሳይያስ 7፥14 «ድንግል»ስ?

ከቀኝ ወደ ግራ፦
አታስጀምረኝ። ባጭሩ፣ ዕብራይስጡ «ዓልማ» ነው፣ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴት። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት «ፓርቴኖስ» አሉት፣ ማቴዎስም እንዲያው ጠቀሰው፣ የእኛም «ድንግል» በዚያ በኩል ነው። ግን ርብቃን እያት፤ ዘፍጥረት 24 ቁጥር 16 ላይ «በቱላ»፣ ማለትም ድንግል፣ ተብላ ቁጥር 43 ላይ «ዓልማ» ተብላለች፣ ሴትዮዋ አንድ ናት። ከ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጨቃጨቁበት ነገር ነው፣ ዛሬ ከገባንበት አንተኛም።

ፊደልተኛዋ፦
ለእህቴ «ተረት ሳይሆን አሻራ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ዮናስስ?» አለች።

ሥርወ ቃል፦
እሷን እዚህ አስገቢያት እባክሽ። ዮናስ ላይ ቃሉ «ምልክት» ነው፣ ማቴዎስ 12፥39፤ ግሪኩ ግን እንደ ቶማሱ ቱፖስ አይደለም። ሌላ ፖስት ክፈቺለት።