ልጄ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ድሃ የሆንነው ባህር ስለሌለን ነው?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። «አንዳንድ አገሮች ለምን በለጸጉ፣ ሌሎቹስ ለምን ወደኋላ ቀሩ?» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። «የተፈጥሮ ሀብትና ወደብ» ብላ ጽፋ ጨርሳለች። እኔን ግን አልዋጥልኝ አለ።

አባቴ እዚህ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ 27 ዓመት ሠርቷል። እናቴ ለተሳፋሪ ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር። የባቡሩ ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ባቡሩ ሲቆም ትኩሱን በመስኮት ታቀብላለች። እኔ ዝርዝር ሳንቲም ይዤ ከኋላዋ እሮጣለሁ። አሁን ያ ሥራ የለም። አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ተራራው ያው ነው፣ የደቻቱ ወንዝም ያው ነው። የተለወጠው ሐዲዱ ነው። ታዲያ ለልጄ ምን ልበላት?

ጁገል፦
አቦ፣ ድሬ ራሷ መልስ ናት እኮ! ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱ ወጪ አበዛና ሐዲዱ ታች ሜዳው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ተቆረቆረች። ከዚያ በፊት የሐረር ቡና በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ ዘይላ ከሰመች። ዘይላ ባህር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባህሩ የትም አልሄደም። ይህን ንገሪያት።

ትራንዚተሩ፦
ልክ ነው፤ ባህሩንም ግን አትናቁት። እኔ ዕቃ አስለቅቃለሁ። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ካደረ በየቀኑ ይከፈልበታል፣ ያውም በዶላር። ያ ብር መጨረሻ ላይ መጋላ ገበያ ያለው ሸማች ላይ ነው የሚያርፈው። ስዊዘርላንድም ባህር የላትም። ግን ከባዝል በራይን ወንዝ እስከ ሮተርዳም በመርከብ ትጭናለች፤ ጎረቤቶቿም ሀብታም ገበያ ናቸው። ኮንጎን ደግሞ እዩ። ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ባትሪው የሚሠራው ሌላ አገር። የእኛም ቡና አብዛኛው የሚወጣው ጥሬውን ነው፤ ቆልቶ አሽጎ የሚያተርፈው ሌላ ነው። እህቴ፣ ልጅሽ «ሀብቱ የት አለ?» ብላ አታቁም። «የት ተሠርቶ ያልቃል?» ብላም ትጠይቅ።

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሰዓት ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ወሰድኳት። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፣ አስገባን። አባቴ ይሠራበት የነበረውን ቶርኖ አሳየኋት። አቧራውን በእጇ ጠረገችና ብረቱ ላይ ያለውን ፈረንሳይኛ ፊደል በፊደል አነበበች። «እማ፣ ይሄ ማሽን ራሱ የት ነው የተሠራው?» አለችኝ። ፈረንሳይ አልኳት። እዚያው ቆማ ደብተሯን አወጣች።