«ትራፊክ ናት» የምትለዋ ነገር

እህቱ፦ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው የምጽፈው። ትናንት ቡና ላይ አንዷ የወንድሜን ነገር አንስታ «እንደዛ የሚነዳ ሰው በሽተኛ አይሰጠውም፣ ነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ደግ አደረገ» አለች። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ፣ 95 አውራ ጎዳና ላይ፣ ምልክቱ 70 ማይል በሚልበት 91 ሲነዳ ተያዘ። አልጠጣም። ማንንም አልገጨም። ሪችመንድ ሰው አድርሶ በሌሊት ሲመለስ ነው። ፍርድ ቤት ብቻውን ሄደ፣ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ ከፈለ። ዘንድሮ ለነርሲንግ ሲያመለክት ቅጹ «ወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ይላል። አያውቅም አለ። ትራፊክ ናት እንጂ ወንጀል መቼ ሆነች? ባክግራውንድ ቼኩ፣ ያለፈ ታሪኩን ሲያጣሩ ማለቴ ነው፣ አወጣውና ቦታውን ነጠቁት። ሁለት ዓመት ማታ ማታ ተምሮ አናቶሚውንም ማይክሮባዮሎጂውንም የጨረሰ ልጅ ነው።

ሌሊት ተረኛ፦ እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን «ትራፊክ ናት» ያልሽው አላሳልፍ አለኝ። ቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ ከነዳሽ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል ካለፍሽ፣ ሪክለስ ድራይቪንግ፣ በግድየለሽነት መንዳት ነው። ክላስ 1 ሚስዲሚነር ይባላል፤ ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ መደብ ነው። እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። የመጀመሪያ ዲ ዩ አይም፣ ጠጥቶ መንዳት ማለት ነው፣ እዚያው መደብ ውስጥ ነው። እንደኔ ትምህርት ቤቱን ያስቆጣው ፍጥነቱ አይደለም፤ «አያውቅም» ያለው ነው።

ጋሽ ባለታክሲ፦ ልጄ፣ አንቺ ሕጉን ታነቢያለሽ፣ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። ይኸው ልጅ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ በዛው ፍጥነት ቢያዝ ኖሮ ቲኬትና በመንጃ ፈቃዱ ላይ ፖይንት ተቀብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። ያው እግር፣ ያው ፔዳል ነው። ትራፊክ ናት!

የአናንዴል ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህችን ቃል አይድገሙብኝ። የአጎቴን ልጅ ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገድሎብናል። የዛን ሰው ወገኖችም ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ እንዲሁ «የመኪና ነገር ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚህ አገር በስካር መንዳት በዓመት ከ10 ሺህ ሰው በላይ ይሞታል።

እህቱ፦ ነፍሱን ይማር። ግን ወንድሜ አልጠጣም ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን አንድ ላይ ታስሪዋለሽ?

የአናንዴል ልጅ፦ አላሰርኩትም። ቃሏን ነው ያልኩት። ደሞ እዚህ «ትራፊክ ናት» የሚሉት ሰዎች ናቸው ማኅበር ላይ «ቅርብ ነው፣ ንዳው» እያሉ ቁልፍ የሚያቀብሉት።

ጋሽ ባለታክሲ፦ እኔ በሕይወቴ ለጠጣ ሰው ቁልፍ አቀብዬ አላውቅም! በነጻ ስንቱን ቤቱ አድርሻለሁ። ይህን መልሺ።

ሌሊት ተረኛ፦ ጋሼ፣ እሷ እርስዎን አላለችም። ወደ ልጁ እንመለስ። ትምህርት ቤት ብቻውን አይደለም የሚወስነው። ተማሪ ክሊኒካል፣ በሽተኛ ላይ ልምምድ፣ የሚላክበት ሆስፒታልም ያጣራል። ሆስፒታሉ አልቀበልም ካለ ክሊኒካል የለም፣ ክሊኒካል ከሌለ መመረቅ የለም። ከዛ ለላይሰንስ፣ ለነርስነት ፈቃዱ፣ የነርሶች ቦርዱ አሻራ ይጠይቃል። እኛ ፈረቃ ስንቀያየር ናርኮቲኩን፣ ሱስ የሚያስይዘውን ጠንካራ ማስታገሻ፣ ሁለት ሆነን እንቆጥራለን። አንዲት ክኒን ከጎደለች እስክትገኝ ማንም ንቅንቅ አይልም። የዚህ ሥራ መሠረቱ የሰው ቃል ነው። እኔ ያሠለጠንኳት ልጅ ዲ ዩ አይ ነበረባት። የፍርድ ቤቱን ወረቀት፣ ቫሳፕ የሚባለውን፣ ጠጥቶ ለነዳ ሰው ቨርጂኒያ የምትሰጠውን ትምህርት የጨረሰችበትን ሰርተፍኬት አያይዛ፣ የሆነውን ሁሉ በእጇ ጽፋ ሰጠች። ዛሬ አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አብራኝ ትሠራለች።

እህቱ፦ እሷ የሚመክራት ሰው ነበራት። እሱ ያኔ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ዳኛዋ ሲያነቡ «ሚስ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት አለኝ። አስተርጓሚ በነጻ እንደሚገኝ ማን ነገረው? አልዋሸም። አላወቀም። ይህን ሁለቱን የማይለይ ትምህርት ቤት እንዴት በሽተኛ መንከባከብ ያስተምራል?

ሌሊት ተረኛ፦ ይህንኑ ጻፉላቸው እኮ ነው የምለው። ግን «ትራፊክ ናት» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ አንቀጽ እንኳ አያነቡም።

ጋሽ ባለታክሲ፦ ታዲያ ምን ብሎ ይጀምር? ወንጀለኛ ነኝ ብሎ?

ሌሊት ተረኛ፦ አዎ ጋሼ። «ተፈርዶብኛል» ብሎ።

ጋሽ ባለታክሲ፦ አይሆንም። እናቱ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? የ21 ማይል ነገር ነው!

እህቱ፦ ወረቀቱን አሁን ከሻንጣው አወጣሁት። ታች፣ ከፊርማው በላይ «ኤም» የምትል ፊደል አለች፣ አጠገቧ 1። ክላስ 1 ሚስዲሚነር ማለት ነው። ይሄን ነበር ስድስት ዓመት «ደረሰኝ ነው» ብሎ ያስቀመጠው።

የአናንዴል ልጅ፦ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ። የማውቃት ጠበቃ አለች። ጋሼ ግን እርስዎ ያችን ቃል እስካሁን አልሳቧትም።

ጋሽ ባለታክሲ፦ አልስባትም።