ስልጆዬ አልሰነፍጥ አለኝ፤ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

ጠባሴ (ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁዳዴ ስልጆ (ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ የሚኮመጥጠውን የጾም ማባያ) ሠርቼ አልሆን አለኝ። የምፈልገው ያንን በአያቶቻችን ጓዳ ማሰሮው ሲከፈት ገና ከበር አፍንጫ የሚይዘውን፣ ኮምጠጥ የሚለውን ነው። የኔው ጥሬ ባቄላ ባቄላ ይላል፣ አይሰነፍጥም፣ በ4 ቀኑም አልኮመጠጠም። 1 ኩባያ ሱፍ ወቅጬ በ5 ኩባያ ውሃ አጠለልኩ። ውሃውን አፍልቼ 1 ኩባያ ተኩል የባቄላ ዱቄት ነሰነስኩበትና 10 ደቂቃ አበሰልኩት። ከእሳት እንዳወረድኩት 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምሬ በፕላስቲክ ዕቃ ጥርቅም አድርጌ ከደንኩት። ልኩ ነው ወይስ አሠራሩ?

የጅሩዋ (እነዋሪ)
ልኩስ ደህና ነው እህቴ። ያጠፋሽው ሰናፍጩን በትኩሱ መጨመርሽ ነው። ደረቅ ሰናፍጭ ብቻውን አይሰነፍጥም። ተፈጭቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው በውስጡ ያለው ኢንዛይም ሥራውን ጀምሮ ያንን ዓይን የሚያስለቅስ ነገር የሚያወጣው። ኢንዛይሙ ደግሞ ሙቀት አይችልም። የሚፋጅ ገንፎ ላይ ስትነሰንሺው ሳይጀምር አለቀ፤ የቀረሽ ምሬቱ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጊ፦ 3 ማንኪያውን ሰናፍጭ በ4 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለውሺና በድንጋይ ወይም በሙቀጫ አሽው። መጀመሪያ ምንም ሽታ የለውም። ሸፍነሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተይው፤ ስትገልጪው ፊትሽን ካላዞርሽ ሰናፍጩ ያረጀ ነው፣ ሌላ ግዢ። ገንፎውን በዚህ መሐል አቀዝቅዢው። የመቀዝቀዙ ልክ፣ ጣትሽን እስከ አንጓው ከትተሽ ሙቀትም ብርድም ሳይሰማሽ ሲቀር ነው። ላዩ በርዶ ውስጡ ትኩስ ሆኖ ያታልላልና እየገለበጥሽ አብርጂው። ከዚያ ሰናፍጩን፣ 6 ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ ትንሽ በሶብላና 4 ወይም 5 የጤና አዳም ፍሬ ጨምሪ። ነፍሰ ጡር የምትበላው ከሆነ ጤና አዳሙ ይቅር። ጨው ለጊዜው 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ሲበዛ መኮምጠጡን ያዘገየዋል። የቀረውን ሲደርስ ቀምሰሽ ታስተካክያለሽ።

መንዜው (መሐል ሜዳ)
እትዬ የሰናፍጩን ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ባቄላው። ጥሬ ጥሬ የሚልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዱቄቱ በደንብ ካልተቆላ ባቄላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ባቄላው በመጠነኛ እሳት ሲቆላ ቅርፊቱ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። አንዱን ሰብረሽ እዪው፤ ውስጡ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ገረጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቃው፣ ከጠቆረ ስልጆው ይመራል። ከዚያ ተከክቶ ቅርፊቱ በደንብ ይነፋ። ቅርፊቱ አብሮ ከተፈጨ መልኩ ይጠቁራል፣ ምላስ ላይም ይሻክራል። በርበሬ የገባበት ሽሮ ደግሞ ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ወጥ ነው።

ሁለተኛው 10 ደቂቃው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ተንተከተከ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። እሳቱን ቀንሰሽ 30 ደቂቃ አማስይው፣ ከወፈረ የፈላ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ማማሰያው የድስቱን ወለል ጠርጎ ሲያልፍ መንገዱ ለአፍታ ታይቶ ቀስ ብሎ ከተደፈነ ልኩ ነው። ሲበርድ ይበልጥ ስለሚወፍር በእሳት ላይ ገንፎ አይሁንብሽ። እንዳይጓጉል ዱቄቱን በትንሽ ቀዝቃዛ የሱፍ ውሃ በጥብጠሽ ብትጨምሪው ከመነስነስ ይሻላል።

ጠባሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ አንተም ወንድሜ። ሱፉንም ሳልቀቅል ነው የወቀጥኩት፣ ችግር አለው?

የጅሩዋ
አለው እንጂ። ለቅመሽ አጥበሽ 10 ደቂቃ ቀቅይው ወይም በቀስታ አመስ አድርጊው፣ ከዚያ ወቅጠሽ ለብ ባለ ውሃ እያሸሽ አጥልይ። ወተት መምሰል አለበት። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ነጠላ። የቅርፊቱ ስብርባሪ ካለፈ ጉሮሮ ይይዛል። ገበያ ላይ ደግሞ ነጩን፣ ትንሿን ፍሬ በይ። የፈረንጅ ሱፍ ከሰጡሽ ጣዕሙ ሌላ ነው።

የቀወት ልጅ (ሸዋ ሮቢት)
እኛ ጋ ቆላ ስለሆነ በ2 ቀን ይኮመጥጣል፤ እናንተ ብርዱ ላይ 5 ቀንም 6 ቀንም ሊፈጅባችሁ ይችላል። ከቸኮልሽ ግማሽ ሎሚ ጨምቂበት፣ ያልቃል።

የጅሩዋ
ሎሚ ያኮመጥጠዋል እንጂ ስልጆ አያደርገውም ልጄ። ሰናፍጩ በውሃ ሳይነቃ ሎሚ ከነካው ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። ካስፈለገ የሚቀርብ ዕለት ነው። ከጎረቤት የደረሰ ስልጆ ካገኘሽ ግን 2 ማንኪያ በርዶ ባለው ገንፎ ላይ ጨምሪ፤ እንደ እርሾ ያፋጥነዋል።

መንዜው
ማሰሮውን ማታ ማታ ምድጃ ዳር አስቀምጠሽ ጋቢ አልብሺው። የኛ አገር ሰው ቢሆን በርኖስ ባለበሰው ነበር። ዕቃው ሩብ ያህሉ ባዶ ይሁን፣ ክዳኑም ላላ ይበል፤ አየር ያወጣል። ጠዋት ጠዋት በንጹሕና በደረቅ ማንኪያ አማስይው። ትንንሽ ቀዳዳ ማሳየትና ሽታው ከባቄላ ወደ ኮምጣጣ መዞር ከጀመረ መንገድ ይዟል። ሳይኮመጥጥ ከላዩ ዘይት አታፍሺበት። አየር ማፈን ባልኮመጠጠ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ላይ አደገኛ መርዝ ሊያሳድግ ይችላል።

ጠባሴ
የተበላሸውን ምን ላድርገው? ላዩ ላይ ነጭ ነገር አለው።

የጅሩዋ
ጸጉር ጸጉር ያለው ወይም አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቀይ ነጠብጣብ ካለው ሻግቷል፣ ከነሙሉው ድፊው፤ ላዩን ገፎ ታቹን መብላት የለም። ነጩም ምን እንደሆነ ካጠራጠረሽ ያው ነው፣ ባቄላ ውድ አይደለም። ማሰሮውን በፈላ ውሃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂው። የፕላስቲኩን ዕቃ ለሌላ ነገር አድርጊው፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አይለቅም።

ጠባሴ
አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ልልክላት አስቤ ነበር፣ በመኪና ይደርሳል?

የቀወት ልጅ
ሲደርስና ሲኮመጥጥ ብቻ። አንድ ሌሊት በደንብ አቀዝቅዢው፣ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ አድርጊና አትሙዪው፤ ስትረከብ ወዲያው ከፍታ ታስተንፍሰው። ማቀዝቀዣ ካላት እዚያ ይግባ፣ ቶሎም ይበላ።