ሞተር የሚሸከመው የኋላ ግድግዳ የበሰበሰ የፋይበርግላስ ጀልባን ቤት ውስጥ ስለ ማደስ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ጤና ይስጥልኝ። በጅቡቲ በኩል የገባች፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20 የሆነ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቼ በግቢዬ ጥላ ሥር አስቀምጫለሁ። ሐሳቤ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ ባለፉት ዓመታት ውሃው ወደ ተመለሰው የሐሮማያ ሐይቅ ወስጄ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በመረብ ዓሣ ማጥመድ ነው። የውጭ አካሏ ከጭረት በቀር ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ሲመታ ድምፁ የታፈነ ሲሆን፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ከአሮጌዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ቡናማ ውሃ ይወርዳል። አንዳንድ ወዳጆቼ ከውጭና ከውስጥ ወፍራም ላሜራ አድርጌ በብሎን እንዳጣብቀው መክረውኛል። ይህ ይበቃል ወይስ እንጨቱ መውጣት አለበት? በከተማችን ሙቀትስ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀውን፣ ሲደርቅ የሚጠነክረውን ፈሳሽ) ማሠራት ይቻላል? ከጀልባዋ ጋር የተሰጠኝ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲሆን፣ እስካሁን የሠራው በባሕር ላይ ብቻ ነው።

መልስ (ከሐረር)

ወንድሜ፣ ላሜራውን ይተዉት። በሁለቱ የፋይበር ሽፋኖች መካከል ያለው ኮምፔልሳቶ በስብሷል፤ ላሜራ ደግሞ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ መበስበሱን ከማፋጠን ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ሞተር ወደ ፊት ሲገፋ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከጀልባዋ ክፍሎች ሁሉ ለጥርጣሬ ቦታ ሊሰጠው የማይገባው እርሱ ነው። በመጀመሪያ በቀጭን መብሻ ታችኛውንና የጎን ማዕዘኖቹን በስተውስጥ በኩል ወግተው የሚወጣውን ፍቅፋቂ ይመልከቱ፤ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ ግን ብልሽቱ እስከዚያ ደርሷል።

የሚቆረጠው የውስጠኛው ሽፋን ብቻ ነው። የውጭው ሽፋን ቅርጿን የያዘላት ስለሆነ መነካት የለበትም። በዙሪያው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ አስቀርተው በግራይንደር ይቁረጡ፣ የበሰበሰውን በመሮ ጠርበው ያውጡ፣ ከዚያም የውጭው ሽፋን የውስጥ ገጽ እስኪሻክር ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት። አዲሱ ኮምፔልሳቶ ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ መሆን ይኖርበታል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሁለት ንጣፍ እርስ በርስ አጣብቀው ቢያስገቡ፣ ከፋይበሩ ጋር ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የሞተሩ ማሠሪያም በደንብ ይይዘዋል። ጠርዞቹን ሁሉ፣ በተለይም የእንጨቱ ድርብርብ የሚታይበትን ወገን፣ ከመግጠምዎ በፊት በሬዚን ያጥግቡ፤ ውሃ የሚገባው ከዚያ ነውና።

ስለ ሙቀቱ የጠየቁት ተገቢ ነው። ለፖሊስተር ሬዚን የሚጨመረው ማጠንከሪያ በክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ወደ 1 በመቶው ይጠጉ፤ ከዚያ ዝቅ ካደረጉት ግን ሬዚኑ እስከ መጨረሻው ላይጠና ይችላል። ሥራው የሚያመቸው ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ አይቀላቅሉ፤ በባልዲ ውስጥ የተከማቸ ሬዚን በራሱ ሙቀት እስከ መጨስ ይደርሳልና ጥቂት በጥቂቱ በሰፊ ዕቃ ይሥሩ። ሬዚንዎ ማፋጠኛው ኮባልት ለብቻው የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ፣ ኮባልቱና ማጠንከሪያው በፍጹም በቀጥታ አይገናኙ፤ ይፈነዳሉ። አንዱን አስቀድመው ከሬዚኑ ጋር በሚገባ ካዋሐዱ በኋላ ነው ሌላው የሚጨመረው። የኬሚካል ጭስ የሚያግድ ጭምብልና መነጽር ያድርጉ፤ ልጆችንም ከግቢው ያርቁ።

አዲሶቹን የብሎን ቀዳዳዎች ከብሎኑ አስፍተው ይብሱና በወፍራም ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ሞልተው ከደረቀ በኋላ በልኩ ዳግም ይብሱ። ብሎኑ ያን ጊዜ እንጨቱን ሳይነካ በኤፖክሲ ውስጥ ያልፋል።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ ስለ ሞተሩ ብቻ ልጨምር። እንጨቱን በልክ ከመቁረጥዎ በፊት የሞተሩን እግር ይለኩ። አጭሩ ለ38፣ ረጅሙ ለ51 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ የተሠራ ነው። ሞተሩ ሲሰቀል ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ክንፉ ከወለሉ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ በባዶ ይሽከረከራል።

ሐሮማያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ፣ ሞተሩ ከባሕር ጠረፍ ኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚኑ ድርሻ በዝቶ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ካርቡራተሩን ዋናው የቤንዚን ቀዳዳ ጠበብ እንዲል አድርጎ ማስተካከል ያስፈልጋል። በጨው ውሃ የሠራ ስለሆነም አስቀድመው በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ የማቀዝቀዣ ፓምፑን የጎማ ክንፎች ፈትተው ይመርምሩ።

መልስ (ከሐሮማያ)

ሐይቁ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ዳርቻውም ሣር የበዛበት ስለሆነ የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያ በቀላሉ ይደፈናል፤ ስለዚህ መቅዘፊያውን እንደ ትርፍ ዕቃ አይዩት። ርዝመቱ የጀልባዋን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን፣ ማሠሪያው ደግሞ ከመቀመጫው የኋላ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢተከል ቀዛፊው ወገቡ አይታመምም። ማሠሪያው መነቀል የሚችል ይሁን። መረብ የሚጎተትበት ጠርዝ ላይ የብሎን ራስም ሆነ ስንጥቅ እንዳይኖር ዙሪያውን በለስላሳ እንጨት ይሸፍኑት፤ መረብን የሚቀደው ብዙ ጊዜ ዓሣው ሳይሆን የጀልባው ጠርዝ ነውና። ከመቀመጫዎቹ ሥር እንዳትሰጥም የሚያደርግ ፎም ሲሞሉ ነጩን የማሸጊያ ፎም አይጠቀሙ፤ ፖሊስተር ሬዚን ያቀልጠዋል። ፖሊዩሬቴን ይሻላል። ሕይወት አድን ሰደርያ ለሁለታችሁም ያስፈልጋል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላሜራውን ትቻለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፣ ግድግዳው ከተከፈተ በኋላ በትክክል መድረቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ (ከሐረር)

ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጠው በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት በፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ካዩ ገና ነው፤ ከፍተው ለንፋስ ይተዉት። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ይህን ሥራ ከጠረፍ ከተሞች ይልቅ ያፋጥንልዎታል። ፕላስቲኩ በተከታታይ ሌሊቶች ደርቆ ሲያድር ኮምፔልሳቶውን ያስገቡ።